ደጋግሞ የሚጠፋና የሚነሳ የቤት ኮምፒውተር፦ የስለላ ሶፍትዌርን መለየትና ማጽዳት

ኮምፒውተር የትልልቅ ከተሞች ቢሮ ዕቃ ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ዛሬ በወረዳ ከተሞችም በብዙ ቤቶች አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ወይም ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ ላፕቶፕ አይጠፋም። ተማሪዋ የመመረቂያ ጽሑፏን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሽያጭ መዝገቡን፣ የእህል ነጋዴው የዱቤ ዝርዝሩን፣ ቤተሰቡ ደግሞ የሠርግና የክርስትና ፎቶዎቹን የሚያኖረው በዚሁ መሣሪያ ነው። የባንክ ሒሳብም በዚሁ ይከፈታል። ይህ መሣሪያ ሥራ ላይ እያለ ድንገት ጠፍቶ በራሱ ሲነሳ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ያንኑ ሲደግም፣ በቤቱ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ቃል «ቫይረስ ገብቶበታል» የሚል ነው። ተከትሎ የሚመጣው ደግሞ «ፎርማት ይደረግ» ነው።

ሁለቱም የችኮላ ቃላት ናቸው። ኮምፒውተር ደጋግሞ መጥፋቱና መነሳቱ አንድ ችግር ነው፤ በውስጡ የስለላ ሶፍትዌር መኖሩ ሌላ ችግር ነው። አንዳንዴ አንዱ ሌላውን ያመጣል። ብዙ ጊዜ ግን በአንድ ማሽን ላይ የተገናኙ ሁለት በሽታዎች ናቸው፤ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን አያድንም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። የቤታችን ዴስክቶፕ የተቀመጠው ከማድ ቤት ጋር በሚዋሰነው ክፍል ነበር። በውስጡ በየቀበሌው እየተዘዋወርኩ ከአርሶ አደሮች ጋር ያደረግኋቸው የስምንት ወራት የድምፅ ቅጂዎች ነበሩበት። ማሽኑ መጥፋትና መነሳት ሲያበዛ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ወሰድኩት። ባለሙያው አብርቶ አየው፤ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት አድርጌ ነገ አስረክብሃለሁ» አለኝ። ፋይል እንዳለኝ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። በማግስቱ ፈጣንና ንጹሕ ኮምፒውተር ተረከብኩ፤ ቅጂዎቹ ግን አልነበሩም። በሦስተኛው ቀን ምሽት እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ስትለኩስ ኮምፒውተሩ እንደ ቀድሞው ጠፍቶ ተነሳ። በኋላ ሲከፈት የኃይል መስጫው ሳጥን ማራገቢያ በአቧራና በጭስ ጥላሸት ተደፍኖ ተገኘ። ከዚያ ወር ሳይሞላ ደግሞ የኢሜይል የይለፍ ቃሌ በሌላ ሰው እጅ መግባቱን አወቅሁ። ሰላዩ የተመለሰው እኔው ራሴ ፕሮግራሞቼን ባስቀመጥኩበት ፍላሽ ነበር። ፎርማቱ ከሁለቱ በሽታዎች አንዱንም አላዳነም፤ የወሰደው ግን የስምንት ወር ሥራ ነው።

ሰላዩ ምን ይሠራል?

የስለላ ሶፍትዌር ባለቤቱ ሳያውቅ በኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚሠራውን የሚመለከት፣ ያየውንም በኢንተርኔት ለላከው አካል የሚያቀብል ፕሮግራም ነው። አንዳንዱ በቁልፍ ሰሌዳ ላይ የሚተየበውን እያንዳንዱን ፊደል ይመዘግባል። አንዳንዱ በድረ ገጽ መቃኛው፣ ማለትም በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃላትን በአንድ ጊዜ ሰብስቦ ይወስዳል። የስክሪኑን ምስል የሚያነሳ፣ ካሜራና ማይክሮፎን የሚከፍትም አለ። ከሁሉም ቀለል የሚለው የትኛውን ድረ ገጽ እንደምንጎበኝ እየተከታተለ ማስታወቂያ የሚያዘንብብን ነው፤ እርሱም ቢሆን ለሌሎች በር ይከፍታል።

በግብርና ኮሌጅ ስለ አቀንጭራ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ከአፈር በታች ሳለ ይመጠምጠዋል፤ አበባው ብቅ ብሎ ገበሬው ሲያየው ጉዳቱ ከደረሰ ሰንብቷል። ዘሩም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ለስለላ ሶፍትዌር አፈሩ ፍላሹ ነው።

መግቢያ በሮቹ ብዙ ቢሆኑም በእኛ አካባቢ ሦስቱ ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው ያለ ክፍያ ዊንዶውስንና ኦፊስን «ለማስከፈት» ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው አክቲቬተር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት ጸረ ቫይረሱን እንድናጠፋ ይጠይቃል። ዘበኛው እንዲወጣ የሚጠይቅ እንግዳ ምን ይዞ እንደሚገባ መገመት አያዳግትም፤ ሆኖም ሁላችንም ማለት ይቻላል አድርገነዋል። ሁለተኛው በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በየኅትመት ቤቱ የሚሰካ የሚነቀለው ፍላሽ ነው። ሦስተኛው «ይህን ያድሱ» የሚል የሐሰት መልእክት ነው።

ሦስተኛው በኢትዮጵያውያን ላይ መፈጸሙ በሰነድ የተመዘገበ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በኅዳር 2010 ዓ.ም ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ ሀገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፖለቲካ ተሟጋቾች ላይ ያነጣጠረ የስለላ ሶፍትዌር በኢሜይል ይላክ እንደነበር አሳይቷል። መልእክቱ አንድ ቪዲዮ እንዲመለከቱ ይጋብዛል፤ ሊንኩ ሲከፈት ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር የተባለውን ፕሮግራም ማደስ እንደሚያስፈልግ ይነግራል፤ የሚጫነው ግን ሰላዩ ነው። የፍላሽ ፕሌየር ባለቤት አዶቤ ፕሮግራሙን ከ2020 እ.ኤ.አ መጨረሻ ጀምሮ ትቶታል። ስለዚህ ዛሬ ፍላሽ ፕሌየርን አድሱ የሚል ማንኛውም መልእክት ሐሰት ነው።

ሰላይ ለምን ማሽን ያስነሳል?

በትክክል የተሠራ ሰላይ ኮምፒውተር አያስነሳም። ሥራው ተደብቆ መቆየት ነውና ጩኸት አይፈልግም። ማሽኑ የሚጠፋው ሰላዩ በችኮላ ወይም በስህተት የተሠራ ሲሆን፣ በዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ገብቶ ከሌላ ፕሮግራም ጋር ሲጋጭ፣ ወይም ሁለት አጥፊ ፕሮግራሞች በአንድ ቦታ ሲገናኙ ነው።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ብላስተር የተባለው ተዛማች ፕሮግራም ነው። ነሐሴ 5 ቀን 1995 ዓ.ም ገደማ መዛመት ሲጀምር በዓለም ዙሪያ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች «በ60 ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል» የሚል ሰዓት ቆጣሪ እያሳዩ መነሳት ጀመሩ። ማስነሳቱ የብላስተር ዓላማ አልነበረም፤ የገባበትን የዊንዶውስ አገልግሎት ስለሰበረው የመጣ ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው ከወር ገደማ በፊት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ሳሰር የተባለው ሌላ ተዛማች ተመሳሳይ ችግር አስከተለ። «ኮምፒውተር ከተነሳ ቫይረስ ነው» የሚለው አባባል በብዙ ባለሙያዎች አእምሮ የቀረው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ይመስለኛል።

ተቃራኒውን የሚያሳየው ማስረጃ ግን ቅርብ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን የሚገመቱ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በመላው ዓለም ሰማያዊ ስክሪን እያሳዩ ደጋግመው ሲነሱ፣ አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ሥራ ሲያቆሙ፣ መንስኤው ቫይረስ አልነበረም። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የላከው የተሳሳተ ማሻሻያ ነበር። ጠባቂውም ቤት ሊያፈርስ ይችላል።

መጀመሪያ ፋይል፣ ከዚያ ምርመራ

ማሽኑ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን የሚቆይ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የኢንተርኔት ገመዱን ይንቀሉ፤ ዋይፋዩንም ያጥፉ። ሰላይ ካለ መላክ ያቆማል። ቀጥሎ አስፈላጊ ሰነዶችን፣ ፎቶዎችንና የድምፅ ቅጂዎችን ወደ ባዶ ፍላሽ ወይም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይቅዱ። ፕሮግራሞችን ግን አይቅዱ፤ በተለይም መጨረሻቸው «ኢ ኤክስ ኢ» በሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚያልቁትን ይተዉአቸው። ማሽኑ ለመቅዳት የሚበቃ ጊዜ ካልሰጠ፣ ኡቡንቱ የተባለው ነጻ ሲስተም በፍላሽ ላይ ተጭኖ ኮምፒውተሩን ያለ ዊንዶውስ ማስነሳትና ፋይሎቹን ማውጣት ይቻላል። ይህን የማይችል ባለሙያ ፎርማት እንዲያደርግልዎት አይፍቀዱ።

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። ኮምፒውተሩ በስንት ሰዓት ጠፋ? ምን እየተሠራበት ነበር? በቤቱ ወይም በጎረቤት ምጣድ ተለኩሶ፣ ወፍጮ ተነስቶ ነበር? የሁለት ቀን ማስታወሻ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሁልጊዜ ምሽት ላይ፣ መብራት ሲደክም የሚጠፋ ማሽን ችግሩ ከኃይል አቅርቦቱ ነው። ከበራ ከሃያ ደቂቃ በኋላ፣ ቪዲዮ ሲከፈት ወይም ጨዋታ ሲጀመር የሚጠፋ ደግሞ ሙቀት መሆኑን ይጠቁማል። ኢንተርኔት ሲገናኝ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሰላይን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የኔትወርክ ካርዱ አስነሺ ፕሮግራም መበላሸትም ግን ይህንኑ ያሳያል።

አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እኔ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ቅጂዎቼ በተረፉ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበራ ወዲያውኑ «ዴል» ወይም «ኤፍ 2» የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው በመጫን ባዮስ ወደሚባለው የመጀመሪያ ገጽ ይግቡ። የቁልፉ ዓይነት እንደ አምራቹ ይለያያል። እዚያ ገጽ ላይ ምንም ሳይነኩ ለግማሽ ሰዓት ይተዉት። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ገና አልተነሳም፤ በዊንዶውስ ውስጥ የሚኖር ሰላይም ሥራ አልጀመረም። ማሽኑ እዚያም ላይ እያለ ከጠፋ ችግሩ የኃይል መስጫው፣ የሙቀቱ፣ የራሙ ወይም የዋናው ሰሌዳ ነው፤ ፎርማት ምንም አያመጣም። ግማሽ ሰዓት በጸጥታ ከቆየና ዊንዶውስ ሲገባ ብቻ ከጠፋ ሶፍትዌሩን መመርመር ይጀምራል።

ዕቃው ከተጠረጠረ ገመዱን ነቅለው ሳጥኑን ይክፈቱ፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ ያጽዱ። አየር ሲነፉ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይያዙት። የራሙን ሰሌዳዎች አውጥቶ መልሶ በደንብ መትከልም ብዙ ጊዜ ይረዳል። የኃይል መስጫውን ሳጥን ራሱን ግን አይክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል። እርሱን ለባለሙያ ይተዉት ወይም በአዲስ ይቀይሩት። መብራት በሚዋዥቅበት አካባቢ ዩፒኤስ የሚባለው የባትሪ መጠባበቂያ ከጸረ ቫይረስ በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው።

ሶፍትዌሩ ከተጠረጠረ

ከዚህ በታች ያሉት የማዘዣ ስሞች በማሽኑ ላይ በእንግሊዝኛ የሚታዩ ናቸው፤ እዚህ በድምፃቸው ተጽፈዋል።

ዊንዶውስ ከባድ ስህተት ሲገጥመው ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ በራሱ እንዲነሳ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ሳናነበው ያልፋል። ይህን ለማቆም በመፈለጊያው ላይ «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ብለው ይፈልጉ፤ «ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ» በሚለው ሥር ያለውን «ሴቲንግስ» ይክፈቱ፤ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ያንሱ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲወድቅ ሰማያዊው ስክሪን ይቆማል፤ የተጻፈውን የስህተት ስም በስልክ ፎቶ ያንሱት። ለሚጠግን ሰው ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም።

ሁለተኛው ምስክር «ኢቨንት ቪውወር» የሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ነው። «ዊንዶውስ ሎግስ» ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ከፍተው ማሽኑ የጠፋበትን ሰዓት ይፈልጉ። ቁጥር 41 ካገኙ ማሽኑ ሳይዘጋጅ፣ በድንገት መጥፋቱን ይናገራል፤ የኃይል መቋረጥ፣ ሙቀት ወይም ከባድ ስህተት ማለት ነው። ቁጥር 1074 ካገኙ ግን አንድ ፕሮግራም ወይም ተጠቃሚ በትእዛዝ እንዳስነሳው ይናገራል፤ የፕሮግራሙንም ስም አብሮ ይጽፋል። ያ ስም የዊንዶውስ ማሻሻያ ከሆነ ኮምፒውተሩ የታመመ ሳይሆን ራሱን እያደሰ ነው። ስሙ የማይታወቅ፣ ፊደላቱ ያለ ትርጉም የተደረደሩ፣ ፋይሉም «ቴምፕ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ያለ ከሆነ ያኔ ሰላዩን ወይም ዘመዱን አግኝተዋል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው እርምጃ «ሴፍ ሞድ» ነው። ይህ ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ የሆኑትን ብቻ ይዞ የሚነሳበት ሁኔታ በመሆኑ አብዛኞቹ ተጨማሪ ፕሮግራሞች፣ ሰላዮችም ጭምር፣ አይነሱም። «ሺፍት» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ «ሪስታርት» የሚለውን ይምረጡ። ሰማያዊ ገጽ ሲመጣ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርታፕ ሴቲንግስ» እና «ሪስታርት» የሚሉትን በቅደም ተከተል ይከተሉ፤ በመጨረሻም ቁጥር 4ን ይጫኑ። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች በዚህ ጊዜ ቢትሎከር የሚባለውን ባለ 48 አሃዝ መክፈቻ ይጠይቃሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ማሽኑ በሴፍ ሞድ ሳይጠፋ ለሰዓታት ከቆየ ችግሩ ከተጫነ ፕሮግራም ወይም ከአንድ ዕቃ አስነሺ ፕሮግራም ነው።

ማጽዳቱ

እዚያው በሴፍ ሞድ ሆነው የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ይክፈቱና በተጫኑበት ቀን ቅደም ተከተል ያስቀምጧቸው። መጥፋቱ ከጀመረበት ሳምንት ጋር የሚገጥመውን በጥንቃቄ ይመልከቱ። ማንም የቤተሰቡ አባል የማያውቀውን ያስወግዱ። ከመሰረዝ በፊት ግን ልጆችን መጠየቅ ጥሩ ነው፤ «የማይታወቅ» ያልነው የታናሽ ወንድም የትምህርት ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። «ታስክ ማናጀር» ውስጥ «ስታርታፕ» በሚለው ሥር ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱት ይታያሉ፤ አጠራጣሪውን «ዲሴብል» በማድረግ ያግዱት። በድረ ገጽ መቃኛውም ላይ የተለጠፉትን ተጨማሪ ቅጥያዎች አንድ በአንድ ይመርምሩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል፤ ዛሬ ግን ብዙ ስለላ የሚካሄደው በእነዚህ ቅጥያዎች ነው።

ቀጥሎ ፍተሻው ይመጣል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የተባለ ጸረ ቫይረስ ይዘው የሚመጡ ሲሆን ለቤት ተጠቃሚ በቂ ነው። ሌላ መግዛት ግዴታ አይደለም። ሁለት ጸረ ቫይረሶችን በአንድ ጊዜ ማሠራት ደግሞ እርስ በርስ ስለሚጋጩ ራሱ ማሽን የሚያስነሳ ስህተት ነው። ከዲፌንደር አማራጮች ሁሉ የበለጠ የምመክረው «ኦፍላይን ስካን» የሚባለውን ነው፤ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ስካን ኦፕሽንስ» በሚለው ሥር ይገኛል። ኮምፒውተሩ ራሱን አስነስቶ ዊንዶውስ ሳይከፈት ለ15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል፤ ሰላዩ ገና ተኝቶ ሳለ ስለሚደርስበት መደበቅ አይችልም። ይህ የሚጀምረው ከተለመደው ዊንዶውስ ነውና ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ መቆም መቻል አለበት።

ኢንተርኔቱ ለተነቀለ ወይም ጭራሹን ለሌለው ቤት ሌላ መንገድ አለ። ማይክሮሶፍት «ሴፍቲ ስካነር» የተባለ ነጻ መፈተሻ በድረ ገጹ ላይ ያቀርባል። ጤነኛ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያውርዱት፤ በፍላሽ ያምጡት፤ መጫን ሳያስፈልገው ይሠራል። ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ ጊዜው ስለሚያልፍበት ሁልጊዜ አዲሱን ማውረድ ያስፈልጋል። ሲያወርዱ ከአምራቹ ድረ ገጽ መሆኑን ያረጋግጡ። «ኮምፒውተርዎ 37 ቫይረሶች አሉበት፤ ለማጽዳት እዚህ ይጫኑ» ብሎ ስክሪን ላይ የሚዘለው ማስታወቂያ ጸረ ቫይረስ ሳይሆን ሰላዩ ራሱ ነው።

ፍላሾቹ ተራ ይጠብቃሉ። በቤቱ ያለውን ሁሉ ሰብስበው አንድ በአንድ ሳይከፍቱ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭነው ያስፈትሹ። በፍላሹ ውስጥ የነበሩ ፎልደሮች ጠፍተው በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው አቋራጮች ከታዩ አይጫኗቸው። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። በፋይል መመልከቻው «ቪው» በሚለው ሥር የተደበቁትን የሚያሳየውን ምርጫ ሲያበሩ ብዙ ጊዜ ደብዝዘው ብቅ ይላሉ። እንዲያም ሆኖ የማይታዩ ከሆነ የሲስተም ፋይል ተብለው ተሰይመዋልና ባለሙያ በአንድ ትእዛዝ ይመልሳቸዋል። ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ እንዳይቸኩሉ።

የተወሰደው ቁልፍ

ሰላዩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሥራ ከማጽዳቱ ይከብዳል፤ አብዛኛው ሰው የሚያቆመው ግን እዚህ ላይ ነው። ሌባውን ከቤት ማስወጣት የወሰደውን ቁልፍ አይመልስም። የኢሜይል፣ የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የባንክ የይለፍ ቃላት መቀየር አለባቸው፤ የሚቀየሩትም ከታመመው ኮምፒውተር ሳይሆን ከንጹሕ ስልክ ወይም ከሌላ ማሽን ነው። በተበከለው ላይ ተቀምጦ መቀየር አዲሱንም አሳልፎ መስጠት ነው። ከኢሜይል ይጀምሩ፤ የሌሎቹ ሁሉ የይለፍ ቃል የሚታደሰው በእርሱ ነውና። በኢሜይሉ ውስጥ ደብዳቤዎችን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ መመሪያ ተቀምጦ እንደሆነም ይመልከቱ። በየአካውንቱ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ይምረጡ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫንም ያብሩ። በዚያ ኮምፒውተር የባንክ ሒሳብ ተከፍቶ ከነበረ ለባንኩ ያሳውቁ፤ ገንዘብ እስኪጎድል አይጠብቁ።

የኅብረት ሥራ ማኅበርን ሒሳብ በቤት ኮምፒውተር ለሚይዙ ሰዎች ይህ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአባላቱ ስም፣ ስልክና የሒሳብ ቁጥር አብሮ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል የሥራ አመራር ኮሚቴው ሊነገረው ይገባል። ማፈር ያለ ነው፤ ነገር ግን ከባንክ የተደወለ መስሎ ለአንድ አርሶ አደር ስልክ ሲደወል ያ አርሶ አደር ቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

አንዳንድ ጊዜ ሰላዩን የጫነው ሩቅ ያለ ወንበዴ ሳይሆን በቅርብ ያለ ሰው ነው፤ የቀድሞ የትዳር ጓደኛ፣ ቀጣሪ ወይም ቂም ያለው ዘመድ። ፈቃድ ሳይኖር ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር መግባትና መረጃ መጥለፍ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያለበት ሰው ማሽኑን ከማጽዳቱ በፊት ለፖሊስ ማመልከቱን ያስብበት። ፎርማት ማስረጃውንም ያጠፋል፤ የሰላዩ በድንገት መጥፋት ደግሞ ሰላዩን የጫነውን ሰው ያነቃዋል።

ፎርማት መቼ?

ፎርማትን የተቃወምኩ እንዳይመስል። ኦፍላይን ፍተሻው ያገኘውን ማስወገድ ካቃተው፣ የተወገደው ሰላይ በማግስቱ ከተመለሰ፣ ወይም የይለፍ ቃል ሰራቂ መሆኑ ተረጋግጦ በማሽኑ የባንክ ሥራ የሚሠራ ከሆነ፣ ዊንዶውስን ከሥሩ አጥፍቶ እንደገና መጫን ትክክለኛው ውሳኔ ነው። በዚህ ጊዜ ፋይሎቹ በሁለት ቦታ መቀመጣቸውን ያረጋግጡ፤ አንደኛው ቅጂ ይበላሻልና። የሚጫነው ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የወረደ ይሁን፤ ለዚህ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ያስፈልጋል። በሱቁ ውስጥ ለዓመታት ሲዞር የኖረና አክቲቬተሩ አብሮ የተጋገረበት ቅጂ ከሆነ ግን ሰላዩን አስወጥቶ ሌላውን እንደ መጋበዝ ነው።

የዊንዶውሱ ዕድሜም ይታሰብበት። ዊንዶውስ 7 ከጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ የደህንነት ማሻሻያ አይደርሰውም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል፤ ማይክሮሶፍት ለሚመዘገቡ የቤት ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አቅርቧል። ዊንዶውስ 11ን መሸከም ለማይችል አሮጌ ማሽን ሊኑክስ ሚንትን ወይም ኡቡንቱን መጫን ክፍያም አክቲቬተርም አይጠይቅም፤ ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመመዝገብና ኢንተርኔት ለመጠቀም ያገለግላል። የአማርኛ አጻጻፍም አለው። እኔ በዚሁ በተጸዳው ዴስክቶፕ ላይ ኡቡንቱን ጭኜ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በእርሱ ነው፤ ማሽኑ ግን አሁን የሚገኘው ከማድ ቤቱ ራቅ ባለው ክፍል ነው።